አያያዝ ዋጋ ያጣበት የጎንደር መኪና ገበያ

ጎንደር ላይ አንድ ሰው መኪናውን ለዓመታት እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቆ፣ ዘይቱን በጊዜው ቀይሮ፣ ካንዴላውንና ቺንጋውን በኪሎ ሜትራቸው ለውጦ፣ ደረሰኙን በፋይል አስሮ ለሽያጭ ያወጣል። ሌላው ያንኑ ሞዴል እንደ ኪራይ በቅሎ ሲያስጋልበው ኖሮ ባለፈው ሳምንት ቀለም አስቀብቶ ያመጣዋል። ለሁለቱ የሚቀርብላቸው ዋጋ እምብዛም አይለያይም። ልዩነት ካለም ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ባለቀለሙ ነው፤ የእሱ ያብለጨልጫላ!

ይህን የማያውቅ የለም። ሲነሳ ግን «ገበያ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ጉዳዩ ገበያ ብቻ አይደለም። መንከባከብን የሚቀጣ፣ መሸፋፈንን የሚሸልም ልማድ ነው። ልማዱን ያቆሙት ደግሞ ሁልጊዜ የሚወቀሱት ደላሎች ብቻ ሳይሆኑ ጨዋ የሚባሉት ሻጮችና ገዢዎችም ናቸው።

አንድ ማራኪ አካባቢ የሚኖር ሐኪም ይታሰብ። ያለው እንደ ብዙው ሰው ቪትዝ ወይም ኮሮላ ሳይሆን 2,000 ሲሲ ሞተር ያላት፣ መሪዋ ጠንከር፣ ሆዷ ዝቅ ያለች የስፖርት አውቶሞቢል ናት። ወዶ ገዝቷታል፣ ወዶም ይዟታል። አሁን መሸጥ ፈልጓል። ደላላው ኮፈኑን ከፍቶ አይቶ፣ አንድ ዙር አስነድቶ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ዶክተር፣ መኪናዋ ቆንጆ ናት፤ ሞተሯ ግን ደክሟል። ዳገት ላይ አላዩዋትም እንዴ? ደግሞ ዕቃ የላትም። ቪትዝ ብትሆን ዛሬውኑ በሸጥኩልዎ ነበር።» ዶክተሩ ስለ ሰው ልብ ያውቃል እንጂ ስለ ሲሊንደር አያውቅምና ዝም ይላል። ዝም ባለባት ደቂቃ ዋጋው ወርዷል።

«ደክሟል» የተባለው ሞተር ግን ላይደክም ይችላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ፋብሪካው 150 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር ፒያሳ ላይ ሲቆም ከአምስት እጅ አንዱን አጥቶ ነው የሚቆመው። በዳባት በኩል ወጥቶ ደባርቅ ሲደርስ፣ እዚያ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነውና፣ ከሩብ በላይ ይጎድለዋል። ይህ የባለቤቱ ጥፋት አይደለም፤ የሞተሩ እርጅናም አይደለም። የዳሸን ጎረቤት መሆን ነው። ደላላው ይህን ቢያውቅም ባያውቅም ለእሱ ያው ነው፤ የሚፈልገው ዋጋ የሚያወርድ ቃል ብቻ ነው።

ሞተር መድከሙና አለመድከሙ በዓይንና በጆሮ ሳይሆን በመለኪያ ይታወቃል። ማንኛውም ደህና ጋራዥ የሲሊንደሮቹን ግፊት፣ መካኒኮቹ ኮምፕሬሽን የሚሉትን፣ ይለካል። እዚህም ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። በደጋ ከፍታ የሚነበበው ቁጥር በመኪናው መጽሐፍ ላይ ካለው ማነሱ የግድ ነው። መታየት ያለበት አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው። ሦስቱ ተመሳስለው አንዱ ብቻውን ወርዶ ከተገኘ ያኔ ስለ ፋሻው፣ ስለ ቫልቩ ወይም ስለ ቴስታታው ጓርኒሲዮን መነጋገር ይገባል። አራቱ ከተቀራረቡና ከፍታው ከሚቀንሰው በላይ ካልወረዱ «ደክሟል» የሚለው ቃል ባዶ ነው። ይህን በወረቀት ጽፎ ማኅተም ያደረገ ጋራዥ ለሻጩ ከአዲስ ቀለም የበለጠ ይጠቅመዋል። ቀለም ለመቀባት የሚሰለፍ ሰው ሞልቷል፤ ይህን ለማስለካት የሚሰለፍ ግን አይታይም። ለምን? ገዢው ስለማይጠይቅ ነው።

(በነገራችን ላይ ካንዴላ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ የሚሉት ቃላት ፒያሳንና ሲኒማውን ከሠሩት ጣሊያኖች ጋር የመጡ ናቸው። ጣሊያን ኅዳር 1934 ጎንደር ላይ እጁን ሰጥቶ ሄደ፤ የጋራዡ ቋንቋ ቀረ። የጥገና ደብተር የመያዝ ልማዱ ግን ከቃላቱ ጋር አብሮ የቀረ አይመስልም።)

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ከዚያ በፊት መጽሔቶች ደጋግመው መልሰውበት ነበር፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ግን ከሌሎች ሁለት ምሁራን ጋር ኖቤል ተሸለመ። አሜሪካኖች ላዩ አምሮ ውስጡ የተበላሸ መኪናን «ሎሚ» ይሉታል። ጎንደር ላይ ሎሚ በጥምቀት ለወደዷት የሚወረወር ነውና ስድቡ እዚህ አይሠራም፤ ሐሳቡ ግን በትክክል ይሠራል። ሻጩ የመኪናውን ገመና ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስላልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል። በመካከለኛ ዋጋ ደግሞ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፤ የሚሸጠው ሎሚ ያለው ነው። ጥሩዎቹ ከገበያው እየወጡ ሎሚዎቹ ይቀራሉ። ገዢው ይህን ሲያይ ዋጋውን የበለጠ ያወርዳል። ዶክተሩ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። የቀረበለት ዋጋ የእሱ መኪና ዋጋ አይደለም። እንደ እሱ ያልያዙ ሰዎች የፈጠሩት ጥርጣሬ ዋጋ ነው።

ይህ በሽታ በየአገሩ አለ። እዚህ የባሰው ግን በምክንያት ነው። ከ2012 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ አውቶሞቢል ላይ 100 በመቶ፣ ባገለገለው ላይ ደግሞ እንደ ዕድሜውና እንደ ሞተሩ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በጥቅምት 2015 አውቶሞቢልን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ተከለከሉ። በጥር 2016 የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። በሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀና የዶላር ዋጋ ጥቂት ቆይቶ ከ100 ብር አለፈ። ውጤቱ አንድ ነው፤ አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና አሮጌም ቢሆን ወርቅ ሆነ። መኪና መጓጓዣ መሆኑ ቀርቶ የቁጠባ ደብተር ሆነ። ዋጋው ቆሞም እያለ የሚጨምርን ዕቃ ማን ይመረምረዋል? «ከርሞ ከዚህ በላይ ይሸጣል» ያለ ገዢ ስለ ኮምፕሬሽን አይጠይቅም።

እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ይምጣም አይምጣ፣ የአማራ ክልል ሰው ለብዙ ዓመታት የሚነዳው ዛሬ ያለውን የቤንዚን መኪና ነው። መለዋወጫው ተወዷል፤ አስመስሎ የተሠራውም በዝቷል። በማደያ ያለው ቤንዚን አንድ ዓይነት ነው፣ መርጦ መቅዳት የለም። ማደያው ሲደርቅ ደግሞ በመንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠውን መቅዳት ነው፤ ምን እንደተቀላቀለበት የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ የስፖርት ሞተር ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ አጋጣሚ አይደለም፤ ባለቤቱ ብዙ ገንዘብና ብዙ ትዕግሥት አፍስሶበታል ማለት ነው። ለዚያ ድካም ዋጋ የማይከፍል ገበያ ነገ የሚደክምለት ሰው አያገኝም።

ጎንደር ላይ ሌላም ነገር ተጨምሯል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ይህ ለዜና ብቻ የተዘጋ መስሎ ለታየው፣ ለመኪና ሻጭም እንደተዘጋ ይታወቅ። አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ሃያ ፎቶ በቴሌግራም ለጥፎ ከመቶ ሰው ጋር ሲነጋገር፣ የጎንደሩ የነበረው ደላላውና የደላላው ስልክ ነው። መንገዱም እንደዚሁ። ሩቅ ያለ ገዢ መጥቶ አይቶ መኪናዋን ይዞ ለመሄድ ድፍረት ያስፈልገዋል። ገዢ በጠበበበት ከተማ ያለውን ጥቂት ገዢ የሚያውቅ ሰው ንጉሥ ነው። ኢንተርኔቱ ተመልሷል፤ ንጉሡ ግን ከዙፋኑ አልወረደም።

እዚህ ላይ ለደላላው ፍትሕ ይሰጠው። ማገናኘት ሥራ ነው፤ በልማድ የሚከፈለው 2 በመቶም ላገናኘ ሰው ሐቁ ነው። ዕገታ የዕለት ስጋት በሆነበት አካባቢ ደግሞ ገዢውን በአካል የሚያውቅ ሰው መሐል መግባቱ ጥቅም አለው። «መኪና እሸጣለሁ» ብሎ ስልኩንና ሰፈሩን በአደባባይ የለጠፈ ሰው «ገንዘብ ሊገባልኝ ነው» ብሎ እንደለጠፈ ነውና። የሚነቀፈው ሌላው ነው። ለሻጩ «ከዚህ በላይ አትወጣም» ብሎ፣ ለገዢው «ከዚህ በታች አይሸጥም» ብሎ፣ መሐሉን ኪሱ የሚከተው፣ ይህም እንዳይታወቅበት ሻጭና ገዢ በቀጥታ እንዳይነጋገሩ የሚያደርገው። እነሱ ካልተነጋገሩ የጥገናው ፋይል ከመሳቢያ አይወጣም። ገዢው ማን እንደያዛት፣ በምን መንገድ እንደተነዳች፣ ለምን እንደምትሸጥ አይሰማም። ደላላው የሚሸጠው ሞዴልና ዓመተ ምሕረት ነው፤ አያያዝን መሸጥ አይችልም፣ አያውቀውምና።

ግን ደላላውን አውግዞ መተኛት ቀላል ነው። የበለጠ የሚያሳፍረው የተማረው ሻጭና የተማረው ገዢ ተስማምተው የሚሠሩት ነው። የውክልና ሽያጭ።

አሠራሩ የታወቀ ነው። የቴምብር ቀረጡን ለማምለጥ፣ ወይም ስም ማዛወሩ ያለውን ምልልስ በመጥላት፣ ሻጩ ገንዘቡን ይቀበልና ለገዢው «መሸጥ መለወጥ» የሚል ሙሉ ውክልና ይሰጠዋል። ሊብሬው በሻጩ ስም እንዳለ ይቀራል። ሁለቱም ብልጥ የሆኑ ይመስላቸዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ሌላ ሰው እየነዳውም ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤት ሲፈለግ መጀመሪያ የሚነበበው ደግሞ ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው። ያ ውክልና የተሰጠው ሰው ለሌላ፣ ሌላውም ለሌላ አሳልፎት፣ መኪናው አንድ ሌሊት ሰው ቢገጭ የሚጠራው ዶክተሩ ነው። ግጭት ብቻ ቢሆን ደግ። በየኬላው ታርጋ በሚጻፍበት፣ መኪና ለዕገታም ለሌላም በሚውልበት አካባቢ ስሙን በማያውቀው ሰው እጅ ላለ መኪና ያዋሰ ሰው ምን እንዳዋሰ ያስብበት። «እኔ እኮ ሸጬዋለሁ» ማለት በወረቀት ካልተደገፈ ወሬ ነው።

ገዢውም አልዳነም። ውክልና ባለቤትነት አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል፤ ሲሞትም ውክልናው በመርሕ ይቋረጣል። ያኔ ገዢው የሚሟገተው ከወራሾች ጋር ነው። ወራሾቹም መኪናው የአባታቸው ለመሆኑ ሊብሬ አላቸው። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ በሰው ስም መንዳት ምን ዓይነት ብልጠት ነው?

የዚህ ታናሽ ወንድም ደግሞ በውል ላይ የሚጻፈው የውሸት ዋጋ ነው። በሚሊዮን የተሸጠው በመቶ ሺህ ይጻፋል። መሥሪያ ቤቱ የራሱን ግምት ያወጣልና ማምለጡም ብዙ ጊዜ የተጠበቀውን ያህል አይሳካም። መኪናው የተሰረቀ፣ ዕግድ ያለበት፣ ወይም ከቀረጥ ነፃ ገብቶ ቀረጡ ያልተከፈለበት ሆኖ ቢገኝና ውሉ ቢፈርስ ግን ገዢው ይመለስልኝ ብሎ የሚያሳየው ያንኑ የውሸት ቁጥር ነው። ቀረጥ ለማዳን የጻፈው ቁጥር ገንዘቡን ይበላዋል።

ታዲያ መኪናውን ጥሩ አድርጎ የያዘ ሰው እንዴት ይሽጥ? ራሱ ይሽጥ። ራሱ ሲሸጥ ግን እንደ ደላላ አይሽጥ። ከሁሉ አስቀድሞ ጉድለቱን ራሱ ይናገር። ስቱኮ ያለበትን ፓራፋንጎ በጣቱ ያሳይ። ኮብልስቶኑ የጎዳውን አሞርዛተር፣ ሆዷ ዝቅ በማለቱ የተጫረውን የዘይት መያዣ፣ መቀየር የደረሰውን የፍሬን ሸራ ይቁጠር። ብዙ ሻጭ ይህን እንደ ሞኝነት ያየዋል። ሕጉ ግን ከዚህ ሻጭ ጋር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሻጭ ስለ ዕቃው ጉድለት ዋስ ነው፤ ገዢው አውቆት ለገዛው ጉድለት ግን አይጠየቅም። እያወቀ በተንኮል ለደበቀው ጉድለት ደግሞ «እንዳለ ገዝቻለሁ» የሚል ፊርማ አያድነውም። ስለዚህ የተነገረው ጉድለት በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ጽሑፉ ገዢውን ከመጠበቁም በላይ ሻጩን ይጠብቃል።

ቀጥሎ ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ያሳይ። ገዢ ከመድረሱ በፊት አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ የሚደብቀው ነገር አለው ተብሎ ቢጠረጠር አይፈረድም፤ በደጋው ብርድ በማለዳ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ ሞተር ብዙ ይናገራል። ድሮ ቢሆን ገዢውን ወደ ኮሶዬ ወስዶ ዳገቱን ማሳየት ነበር። ዛሬ ከከተማ መውጣት ካልተቻለ ወደ ጎሃ ሆቴል የሚወጣው አቀበት አለ፤ ለካምቢዮውም ለፍሬኑም ይበቃል። የገዢውን መካኒክ አይፍራ፤ እንዲያውም ራሱ ይዞ እንዲመጣ ይለምነው። ቱርቦ ያላት ከሆነች ስለ ዘይት ደረሰኙ አጥብቆ ያስረዳ። ቱርቦ ከፍታውን ስለሚያካክስ ዳገቱን እንደ ሜዳ ትወጣዋለች፤ ይህ ደግሞ ገዢን ያታልላል። ዘይት በጊዜው ያልተቀየረለት ቱርቦ እስኪሞት ድረስ ጎበዝ ነው።

ስለ ገንዘቡ ረጅም ወሬ አያስፈልግም። ባንክ ቤት ውስጥ፣ በቀን፣ ሂሳቡ መግባቱን በራሱ አካውንት አይቶ። የስልክ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም፤ ሲፒኦም ቢሆን ያወጣው ባንክ አረጋግጦለት ነው። የትዳር ጓደኛው ፈቃድ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ የቦሎው መታደስ፣ የዕዳና ዕግድ ማጣሪያው ገዢ ከመገኘቱ በፊት ያለቀ ይሁን። ስሙ ሳይዛወር ቁልፉ አይሰጥ።

«ይህን ሁሉ አድርጌም ገዢው ያው ዋጋ ቢሰጠኝስ?» የሚል ይኖራል። ይኖራል፣ እውነቱን ነው። አንድ ሻጭ ብቻውን ገበያ አይለውጥም። መንግሥት ሊያደርገው የሚገባ አንድ ትንሽ ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ይመረመራል። ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል፣ ክፍያው ይከፈላል፣ ቦሎው ይለጠፋል። ገዢው ግን መኪናዋ አምና ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደነበረች፣ ካቻምና ስንት እንደነበረች በቀላሉ የሚያይበት መንገድ የለም። ስለዚህ ኪሎ ሜትር ማስመለስ ትርፋማ ሥራ ሆኖ ይኖራል። በጃፓን ጨረታ ላይ የሚቀርብ መኪና ከነጭረቱ ተመዝግቦ የምርመራ ወረቀት ይዞ ይቀርባል። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ማንም ሰው የታርጋ ቁጥር አስገብቶ የመኪናውን የዓመታት ምርመራና በየዓመቱ የተነበበውን ርቀት በነፃ ያያል። በዚያ አገር 200 ሺህ የሄደን መኪና 80 ሺህ ነው ለማለት የቀደሙትን ዓመታት ሁሉ ማጥፋት ይጠይቃል።

ለዚህ አዲስ ተቋም፣ አዲስ በጀት፣ የውጭ አማካሪ አያስፈልግም። መርማሪው በዓመት አንድ ጊዜ መኪናው ውስጥ ይገባል። ቁጥሩ ፊት ለፊቱ ዳሽቦርዱ ላይ በርቷል። ከቦሎው ጋር በሚሰጠው ወረቀት ላይ ጽፎ፣ ቅጂውን ገዢ ሊጠይቀው በሚችል መዝገብ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። የአማራ ክልል የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አዲስ አበባን ሳይጠብቅ በጎንደር ሊጀምረው ይችላል።